የቮልስ አባትና የሊማሊሞ ኩርባ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የገቡት ከታላላቆቹ የቤተ መንግሥት አውቶሞቢሎች በአንዱ ሳይሆን ቮልስዋገን ውስጥ ነበር። ሆን ተብሎ ለማዋረድ ነው፣ የለም አጋጣሚ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። እሱን ለታሪክ ባለሙያዎች እንተውና ስለ መኪናዋ አባት እናውራ። በእኔ ዕድሜ ያለ የከተማ ሰው የዚህን ሰው የእጅ ሥራ ሳይሳፈርበት ያደገ ከስንት አንድ ነው።

ፌርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1875 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በሆነችው ቦሄሚያ፣ ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ከቆርቆሮ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የራሱን ሙያ እንዲወርስ ቢፈልግም ልጁ ልቡ በኤሌክትሪክ ተሰርቆ ነበር። የምህንድስና ዲግሪ አልነበረውም። ቪየና ለሥራ ሲሄድ ወደ ቴክኒክ ኮሌጁ እየገባ ትምህርት ያዳምጥ ነበር፤ የዶክተርነቱ ማዕረግ በኋላ በክብር የመጣ ነው። በ24 ዓመቱ፣ በ1900 የፓሪስ ዓውደ ርዕይ ላይ፣ ሞተሩ በጎማው እምብርት ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ መኪና አቀረበ። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና እንደ አዲስ ነገር ሲወራ ይህን ማስታወስ አይከፋም። በ1910 ደግሞ ለአውስትሮ ዳይምለር የሠራውን መኪና ራሱ እየነዳ የልዑል ሃይንሪክን ውድድር አሸነፈ። በ1923 ሽቱትጋርት ወደሚገኘው ዳይምለር ተዛወረ። ከአለቆች ጋር መስማማት ግን አይሆንለትም ነበር፤ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲል ቆይቶ በ1931 እዚያው ሽቱትጋርት የራሱን የንድፍ ቢሮ ከፈተ።

ለጉዳያችን ቁልፉ ያለው እዚህ ቢሮ ውስጥ ነው። ፖርሽ በዚያው ዓመት በባሌስትራና በሞላ ፋንታ በመጠምዘዝ የሚሠራ የብረት ዘንግ፣ ቶርሽን ባር የሚባለውን፣ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቀላል ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ አይሰበርም ማለት ይቻላል። ሰኔ 1934 የሕዝብ መኪና እንዲነድፍ ከጀርመን መንግሥት ወገን ውል ሲፈራረም ይኸው ዘንግ ከፊትም ከኋላም ገባ። ሞተሩ ከኋላ ሆነ፤ የሚያቀዘቅዘው አየር እንጂ ውኃ አይደለም። የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ ኩባንያ ሐሳቤ ተወስዷል ብሎ የጀመረው ክስ አገሪቱ በጀርመን ስትያዝ ታፈነ፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1960ዎቹ ግን ቮልስዋገን ከፍርድ ቤት ውጭ ካሳ ከፍሎ ጨረሰው። ክስ እንዲህ ረጅም ዕድሜ ሲኖረው የሕግ ሰው ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ለጎንደር ሰው የመኪና ፈተናው ሊማሊሞ ነው። ከአራዳ ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሄዶ ደባርቅን ያለፈ ሰው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ ፈልፍሎ ባወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ሽቅቡ ለቮልስ ችግር አይደለም፤ የሚፈላ ውኃ የላትማ! ነገሩ ያለው ቁልቁለቱ ላይ፣ ከኩርባው ነው።

ማንኛውም መኪና ሲታጠፍ ሰውነቱ ወደ ውጭ ያጋድላል። ፖርሽ የመረጠው የኋላ አሠራር፣ ስዊንግ አክስል የሚባለው፣ ሁለቱን የኋላ ዘንጎች ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ያጥፋቸዋል፤ ጎማው ጋ መታጠፊያ የለም። ስለዚህ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ይዘማል። ሹፌሩ ኩርባው ውስጥ ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅና ፍሬን ሲረግጥ የመኪናው ጀርባ ይነሳል፣ የውጭው ጎማ ከሥር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መሬቱን በጠርዙ ብቻ ይይዛል። ከባዱ ሞተር ከኋላ ስላለ ጅራቱ ቀድሞ ይወጣል። ይህን ባሕርይ የውድድር ነጂዎች ቀድመው ቀምሰውታል። ፖርሽ ለአውቶ ዩኒየን የነደፈው ባለ 16 ሲሊንደር የእሽቅድድም መኪና በዚሁ አክስል ይሄድ ነበር፤ ሊገሩት የቻሉት እንደ በርንት ሮዝማየር ያሉ ጥቂቶች ናቸው። በ1938 የመጣው ተተኪው ስዊንግ አክስሉን ትቶታል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እዚህ ላይ ለፖርሽ ጥብቅና የሚቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ፖለቲካ የማያውቅ መሐንዲስ ነበር ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል፣ ታንክ ነድፏል። እሱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረበት የቮልስዋገን ፋብሪካ በጦርነቱ ዓመታት አብዛኛውን ሥራ ያሠራው በግዳጅ በተጋዙ ሰዎች ነው። ከእናቶቻቸው ተነጥለው ፋብሪካው ባቋቋመው ማቆያ ከገቡት የእነዚህ ሠራተኞች ሕፃናት ከ300 በላይ ሞተዋል። አላውቅም ነበር ማለት ለሹፌር ይሠራ እንደሆነ እንጂ ለሥራ አስኪያጅ አይሠራም።

የሚገርመው የታሰረው በዚህ አለመሆኑ ነው። ታኅሣሥ 1945 ፈረንሳዮች ለሥራ ንግግር ጠርተው ያዙት። ፓሪስ ወስደው በሬኖ ትንሿ መኪና ላይ ምክር ጠየቁት፤ ከዚያ ዲዦን እስር ቤት ከተቱት። ፍርድ ሳይሰጠው 20 ወር ያህል ቆይቶ፣ ልጁ ፌሪ ከአንድ የጣሊያን ደንበኛ ባገኘው የሥራ ክፍያ ነሐሴ 1947 በዋስ ወጣ። ሊጠየቅበት የሚገባውን ሳይጠየቅ፣ ባልተጣራው ነገር ታሰረ።

ከእስር ሲወጣ 70 ዓመት አልፎታል። በ1948 ፌሪ በኦስትሪያዋ ግሙንድ የመጀመሪያዋን 356 የስፖርት መኪና አቆመ። ብዙው ዕቃዋ የቮልስ ነው፤ ቶርሽን ባሩም፣ ስዊንግ አክስሉም። አባት በ1950 መጨረሻ ቮልፍስቡርግ ሄዶ ቮልሶች በብዛት ሲመረቱ በዓይኑ አየ። ብዙም ሳይቆይ በአንጎል ደም መፍሰስ ታሞ ጥር 30 ቀን 1951 ሽቱትጋርት ውስጥ አረፈ።

ማጋደሉን የማረሙ ሥራ ለልጁና ለወራሾቹ ቀረ። ለ1960 ሞዴል ቮልስ ከፊት ስታብላይዘር ተገጠመላት። የፖርሽ 356 ሱፐር 90 ደግሞ ከካምቢዮው ሥር ተንጋዶ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ ባሌስትራ ይዛ ወጣች። ለ1967 ሞዴል ባለ 1500ዋ ቮልስ ከኋላ ዜድ ቅርጽ ያለው ዘንግ አገኘች። በ1963 የታየችው ፖርሽ 911 ስዊንግ አክስሉን ጨርሶ ጥላዋለች። አሜሪካኖቹ ተመሳሳይ አሠራር በነበረው ኮርቬር ላይ የፊት ስታብላይዘሩን መደበኛ ያደረጉት በ1964 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ራልፍ ናደር መጽሐፉን ጽፎ አገር አናወጠ፣ በ1966 የመኪና ደኅንነት ሕግ ወጣ። መንግሥት በ1972 ባወጣው ጥናት ኮርቬር ከዘመኗ መኪኖች የባሰች አይደለችም ተብሏል፤ ሕጉ ግን ጸንቷል።

ዛሬ ቮልስ ወይም አሮጌ 356 የሚያድስ ሰው ጋራዥ ሲገባ የሚሰማው ምክር ሁሉንም አጠንክረው የሚል ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። በስዊንግ አክስል መኪና ወፍራም ስታብላይዘር ከኋላ መግጠም ጅራቱን ይባስ ያስለቅቀዋል፤ ምክንያቱም ሸክሙን ሁሉ በውጭው የኋላ ጎማ ላይ ይከምረዋል። መጠንከር ያለበት ፊቱ ነው። ለኋላው የሚበጀው ጎማዎቹ አንድ ላይ ከሥር እንዳይታጠፉ የሚይዘው፣ ግን ማጋደሉን የማይቃወመው ያ ተንጋዳጅ ባሌስትራ ነው። ጥሩ ሾክ አብዞርበርም ይጨመር፤ እሱ የማጋደሉን መጠን ባይቀንስም ፍጥነቱን ይገታል።

ጀርባውን ጥቂት ዝቅ ማድረግም ይረዳል። የኋላው ቶርሽን ባር በአንዱ ጫፍ 40፣ በሌላው 44 ጥርስ ስላለው ሁለቱን በተቃራኒ አንዳንድ ጥርስ በማዞር አንድ ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ማስተካከል ይቻላል። ከመጠን በላይ ዝቅ ያደረጋት ሰው ግን ከአራዳ አዘዞ ሳይደርስ የፍጥነት መቀነሻው ሆዷን ይፍቃታል። ምንም ገንዘብ የሌለው ደግሞ ከጎማ ንፋስ ይጀምር። የቮልስ መመሪያ የፊቱን ከኋላው በጣም ያነሰ አድርጎ ያዛል፤ የእኛ ጎማ ነፊዎች አራቱንም እኩል ሞልተው ይሸኛሉ።