ኡሙ አይመን፦ ነቢዩን ያሳደጉ ሐበሻዊት እናት

በደብረ ማርቆስ ረመዳን የሚጾመው በደጋ አየር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ለሱሑር የሚነሳ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ እጁን እሳት እያሞቀ ነው የሚመገበው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተራራ የሚነሱ ወንዞችም ይህንን አገር አርሰው ወደ ዓባይ ይገባሉ። በዚህ አካባቢ ጾመኛን ከውሃ ጥም ይልቅ የሚፈትነው ከሞቀ መኝታ መነሳቱ ነው። የዛሬዋ ባለታሪካችንም የሐበሻ ልጅ ናቸው፤ የጾሙት ግን ጥላና ውሃ በማይገኝበት የዐረቢያ በረሃ ነው።

ስማቸው በረካ ይባላል፤ የሠዕለባ ልጅ ናቸው። ታሪክ የሚያውቃቸው በበኩር ልጃቸው ስም፣ ኡሙ አይመን ተብለው ነው። በመካ ከተማ፣ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አባት በዐብደላህ ቤት በባርነት ያገለግሉ ነበር። ዐብደላህ ልጃቸውን ሳያዩ ይህን ዓለም ተሰናበቱ። እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ ነቢዩ ሲወለዱ፣ በዚያ የሐዘን ቤት ከእናታቸው ከአሚና ጋር ሆነው ሕፃኑን ከተንከባከቡት አንዷ በረካ ነበሩ።

ነቢዩ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አሚና ልጃቸውን ይዘው ዘመድ ሊጠይቁ ወደ የሥሪብ፣ ማለትም ወደ ኋለኛዋ መዲና ተጓዙ። በረካም አብረው ነበሩ። በመልሱ ጉዞ አብዋእ ከሚባለው ስፍራ ሲደርሱ አሚና ታመው አረፉና እዚያው ተቀበሩ። አባቱን ያላየ ልጅ እናቱንም በመንገድ ላይ አጣ። ያን ልጅ አቅፈው፣ በረሃውን አቋርጠው መካ ያደረሱትና ለአያቱ ለዐብዱል ሙጦሊብ ያስረከቡት በረካ ናቸው። አያታቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞቱና ነቢዩ ወደ አጎታቸው ወደ አቡ ጧሊብ ቤት ሲገቡም የበረካ እንክብካቤ አልተቋረጠም። ነቢዩ አድገው ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ፣ በረካ ከእናታቸው ቀጥሎ እናታቸው እንደሆኑ ይናገሩ ነበር።

ነቢዩ ኸዲጃን ሲያገቡ በረካን ከባርነት ነፃ አወጧቸው። በረካም ዑበይድ ኢብኑ ዘይድ የተባሉ ሰው አግብተው አይመንን ወለዱ። ነፃ የወጣ ሰው ወደፈለገበት ሊሄድ ይችላል፤ እርሳቸው ግን ከዚያ ቤተሰብ አልራቁም። የነቢይነት ጥሪ ሲመጣም እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት መካከል ሆኑ። ባለቤታቸው ሲለዩ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። ነቢዩ ከጀነት ሰዎች የሆነች ሴት ማግባት የሚፈልግ ሰው ኡሙ አይመንን እንዲያገባ ለባልደረቦቻቸው ነገሩ። ይህን ሰምተው የቀረቡት እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡት ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ ነበሩ። ከዚህ ጋብቻ ኡሳማ ተወለዱ፤ ነቢዩ እጅግ ከሚወዷቸው ወጣቶች አንዱም ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ622 ሙስሊሞች ከመካ ወደ መዲና ተሰደዱ። ኡሙ አይመንም በእርጅና ዕድሜያቸው ይህንኑ መንገድ ተጓዙ፤ ርቀቱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኢብኑ ሰዕድ በጻፉት የሶሓቦች ታሪክ እንደተዘገበው፣ በዚያ ጉዞ ጾመኛ ነበሩ። የረመዳን ጾም ግዴታ የሆነው በሂጅራ 2ኛው ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። መንገደኛ፣ ያውም አሮጊት፣ ያውም ስንቃቸው ውሃ አልነበረውም። ረውሓእ በሚባለው ስፍራ አቅራቢያ ሲመሽባቸው ጥሙ በረታባቸው። በዚህ ጊዜ በነጭ ገመድ የታሰረ የውሃ ባልዲ ከሰማይ ሲወርድላቸው አዩ፤ እስኪረኩ ድረስ ጠጡ። ከዚያ ወዲያ የውሃ ጥም አግኝቷቸው እንደማያውቅ ራሳቸው ተርከዋል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ባልዲውን ነው። ከባልዲው በኋላ ያደረጉት ነገር ግን ከዚያ አያንስም። ኡሙ አይመን በሐሩር ቀን፣ በቀትር ሙቀት እየመረጡ ይጾሙ ነበር። ጥም የማያገኛቸው ከሆነ መጾምን መቀነስ አልመረጡም፤ የተሰጣቸውን ጸጋ መልሰው ለዒባዳ አዋሉት።

በመዲና የኖሩት ኑሮ ደግሞ የእያንዳንዳችንን ቤት ይመስላል። አንድ ቀን ዱቄት በወንፊት ነፍተው ለነቢዩ ቂጣ አዘጋጁ። ነቢዩ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ በአገራቸው የሚሠራ ምግብ እንደሆነና ለእርሳቸው ሊጋግሩላቸው እንደወደዱ ነገሯቸው። ነቢዩ ግን በወንፊት የተለየውን መልሰው ከዱቄቱ ጋር ቀላቅለው እንዲያቦኩት አዘዙ። ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት ይህ ሐዲስ፣ ሐበሻዊቷ እናት ከዓመታት በኋላም የአገራቸውን ሙያ እንዳልረሱ፣ ነቢዩም በገበታቸው ምን ያህል ቁጥብ እንደነበሩ ያሳየናል።

አንደበታቸው ዐረብኛውን ሁልጊዜ አያቀናላቸውም ነበር። ሰላምታ ሲያቀርቡ ቃሉ ተምታቶባቸው ትርጉሙ ይገለበጥ ነበርና፣ ነቢዩ ሰላም የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ቁርኣን ለመቅራት ምላሳቸው አልታዘዝ ያላቸው የእኛ እናቶችና አያቶች በዚህ ሊጽናኑ ይገባል። ነቢዩ ይቀልዱላቸውም ነበር። አንድ ጊዜ የሚጫኑት እንስሳ እንዲሰጧቸው ሲጠይቁ፣ በግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጧቸው ነገሯቸው። ኡሙ አይመን ግልገል እንደማይችላቸው ቢከራከሩ፣ ትልቁም ግመል ቢሆን የግመል ልጅ መሆኑን አስረድተው አሳቋቸው።

ቆራጥነታቸውም የታወቀ ነበር። ከመዲና ሰዎች የተሰጡ የተምር ዛፎች ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ በተባለ ጊዜ፣ ለእርሳቸው የደረሱትን አልመልስም ብለው በወጣቱ አነስ ኢብኑ ማሊክ አንገት ላይ ልብስ ጠምጥመው ያዙት። ነቢዩ አልተቆጡም፤ እስኪስማሙ ድረስ ምትኩን እየጨመሩ አሥር እጥፍ ገደማ አደረሱላቸው። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ያሳደጓቸው ልጅ የአገር መሪ ሆነውም የእናትን ወግ አላጎደሉባቸውም።

በኡሑድ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ625፣ ኡሙ አይመን ለተዋጊዎች ውሃ ያቀርቡ፣ ቁስለኞችንም ያክሙ ነበር። በኸይበር ዘመቻም ተገኝተዋል። በበረሃ የጥምን ምንነት ያወቁት እናት፣ በጦር ሜዳ ውሃ አጠጪ ሆኑ።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በሂጅራ 8ኛው ዓመት ነው። በሙእታ ጦርነት ባለቤታቸው ዘይድ የሠራዊቱ አዛዥ ሆነው ሸሂድ ሆኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ በሑነይን ውጊያ፣ ብዙ ሰው በሸሸበት ሰዓት ከነቢዩ ጎን ጸንተው ከቆሙት መካከል የነበሩት የበኩር ልጃቸው አይመን ተገደሉ። ባልና ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሄዱ። ይህ ሁሉ ከአላህ አላራቃቸውም፤ የቀረ ልጃቸውን ኡሳማንም ከዚያ መንገድ አላስቀሩም። በ632 ነቢዩ ገና 20 ዓመት ያልሞላቸውን ኡሳማን ወደ ሻም የሚዘምት ሠራዊት አዛዥ አድርገው ሾሙ።

ሠራዊቱ ሳይርቅ ነቢዩ ታመው አረፉ። ኡሙ አይመን በአብዋእ ያቀፉትን ልጅ በመዲና ቀበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። አቡ በክር ዑመርን ይዘው፣ ነቢዩ ኡሙ አይመንን ይጠይቁ እንደነበረው ሊጠይቋቸው ሄዱ። ሲደርሱ አለቀሱ። ሁለቱ እንግዶች በአላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ እንደሚሻል እያነሱ አጽናኗቸው። ኡሙ አይመን ይህን እንደሚያውቁ፣ የሚያለቅሱት ግን ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ በመቋረጡ መሆኑን ገለጹ። ይህን ሲሰሙ አቡ በክርና ዑመርም አብረዋቸው አለቀሱ።

ያሳደጉት ልጅ ሞቶባቸው ሳለ ከሁሉ ያስለቀሳቸው የአላህ ቃል መቋረጡ ነበር። ይህ በአንድ ቀን የሚገኝ ልብ አይደለም፤ በባርነት፣ በነፃነት፣ በስደት፣ በኩሽናና በሐዘን ውስጥ በየዕለቱ የተገነባ ነው። ከእርሳቸው ከተላለፉትና በኢማም አሕመድ ሙስነድ ከተመዘገቡት ዘገባዎች አንዱም ሶላትን ሆን ብሎ ስለመተው የሚያስጠነቅቅ ነው። ስለ ሞታቸው ጊዜ የታሪክ ጸሐፊዎች ይለያያሉ፤ ከነቢዩ ሞት ጥቂት ወራት በኋላ ነው የሚሉ አሉ፣ በዑሥማን ኸሊፋነት መጀመሪያ ነው የሚሉም አሉ።

ዛሬ ሌሊት በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ቤተሰቡ ሳይነቃ ቀድማ ተነስታ እሳት የምታያይዝ እናት ትኖራለች። ሱሑር አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ፣ ፈጅር ሰግዳ፣ ቀኑን ጾማ ትውላለች። ስሟን የሚጠራ፣ ድካሟን የሚቆጥር ላይኖር ይችላል። የነቢዩ ሁለተኛ እናትም እንዲሁ ነበሩ፤ ሥራቸውን ግን አላህ አልረሳውም። ልጆች፣ ዛሬ ለኢፍጣር ስትቀመጡ የመጀመሪያዋን ተምርና ውሃ ለእናታችሁ አቅርቡ።

አላህ ኡሙ አይመንን ይውደዳቸው። ጾማችንንም ይቀበለን። ረመዳን ከሪም!