ካባና ዳባ፦ የመንግሥቱ ለማ ሕይወት

ዘንድሮ የአባላት መዝገብ ስናድስ ሒሳብ ክፍል ያለነው ሰዎች አንድ ነገር አስተዋልን። «ሥራ» የሚለውን ቦታ ብዙዎቻችሁ ባዶ ትታችሁታል። በሩዋንዳ በየግቢው ልብስ ስታጥቡ፣ እንጀራ ስትጋግሩ፣ የሰው ልጅ ስታሳድጉ የምናውቃችሁ እህቶች «የቤት እመቤት» ብላችሁ ሞልታችኋል። አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ከአዲሱ መታወቂያቸው ላይ «የቤት ሠራተኛ» የሚለው እንዲነሳላቸው ለመኑን። ስለ መንግሥቱ ለማ ለመጻፍ ያሰብነው ያን ዕለት ነው።

መንግሥቱ ለማ በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ስመ ጥር የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ልጅየው የአባታቸውን ቅኔ ሳይለቁ ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፤ ለንደን ድረስ ሄደው ተምረው ተመለሱ። ኋላም በሕንድ አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሹመቱን ይዞ በሰላም መኖር ይችል ነበር። እሳቸው ግን ሰውን የሚያስቅ ቲያትር መጻፍ ያዙ።

የመጀመሪያው «ጠልፎ በኪሴ» ነው፤ ሴት ጠልፎ ማግባት የሚባለውን ነገር መሳቂያ ያደረጉበት። እኛን የበለጠ የነካን ግን ሁለተኛው፣ «ያላቻ ጋብቻ» ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ሰው ዘር፣ የከተማውን ኑሮ ትቶ ገጠር ይወርዳል፣ ያስተምራል፤ ከዚያም የቤት ሠራተኛውን ለማግባት ይነሳል። ባለጸጋዋ አክስቱ ይህን እንዴት ይቀበሉ? በአገራችን ጋብቻ ከመታሰቡ በፊት አጥንት ይቆጠራል፤ አባቱ ማን ነው፣ ርስቱ የት ነው ይባል ነበር። አቻ የተባለው ይሄ ነው። ደራሲው ይህን በቁጣ አልጻፉትም፤ በሳቅ ነው የጻፉት። በዚያ ዘመን ትኬት ቆርጦ ቲያትር ቤት የሚገባው በአብዛኛው ቤቱ ሠራተኛ ያለው ሰው ይመስለናል። ስቆ ሲወጣ ደግሞ በሩን የምትከፍትለት እሷው ናት። ሥራቸውን ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1970 እ.ኤ.አ. ለንደን ታትሟል። ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይሰጥ የነበረውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትም አግኝተዋል።

የአባታቸውንም ትዝታ በቴፕ ቀድተው፣ ሽማግሌው እንደተናገሩት በመጽሐፍ አሳትመዋል። (እናቶቻችን ሳያልፉ እኛም ብናደርገው! ስልክ በእጃችን አለ።)

በአብዮቱ አካባቢ «ባለ ካባና ባለ ዳባ» የተባለ ቲያትር ጻፉ። ካባ የመኳንንቱ ነው፣ ዳባ ደግሞ ሻካራው የድሀ ልብስ። ርዕሱ ብቻውን ይናገራል። ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ሲያስተምሩ ቆይተው በ1980 ዓ.ም. አረፉ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነናል። ስለ ሠራተኛይቱ የጻፉት ወንድና የተማሩ ሰው ናቸው። ነገሩ ከማጀት በኩል ምን እንደሚመስል እናንተ ብትጽፉልን ይህ ገጽ ክፍት ነው። መጻፍ የሚከብዳችሁ ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን፤ ስማችሁ ይቅር ካላችሁ ይቀራል።

ስለ መታወቂያው ተመካክረናል። «ሥራ» የሚለውን ቦታ ከሁሉም አባል መታወቂያ ላይ አንስተነዋል። በመዝገቡ ላይ ግን ይቆያል፤ ደጋፊዎቻችን ስንቶቻችን በሰው ቤት ሥራ እንደምንተዳደር ሲጠይቁን ባዶ ቦታ ቆጥረን መልስ መስጠት አንችልም። እናቲቱ ይህን ስንነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና መዝገቡ ላይ እንዳለ ይቆይ አሉ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሁላችንም ተጠርተናል።