ከላሞች የተማረው ሐኪም

በዚህ ዕትም የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም ሕይወት ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ስለ ሐኪም ምን አገባት እንዳትሉኝ፣ ምክንያቴን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

ጆርጅ ቶማስ ቢትሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1848 በዛሬዋ ስሪላንካ ነው። በካምብሪጅና በኤድንበራ ተምሮ፣ ቁስል እንዳያመረቅዝ በመድኃኒት ማጽዳትን ባስተማረው በጆሴፍ ሊስተር ሥር ሠራ። ወጣት ሳለ በስኮትላንድ ገጠር አንድ ሕመምተኛ እንዲጠብቅ ተቀጠረ። አካባቢው በግ አርቢ ነበር። ትርፍ ጊዜ ስለነበረው ግልገሎች ጡት ሲጥሉ እያየ፣ ወተት እንዴት እንደሚመጣና እንደሚደርቅ ማጥናት ጀመረ፤ የሐኪምነት ማዕረግ ያገኘበትንም ጽሑፍ በዚሁ ላይ አዘጋጀ። በአንዳንድ አገር የሚገኙ አርቢዎች የወለደች ላም እንዳትነጥፍ ብለው የእንቁላል ማመንጫዋን እንደሚያወጡም ተረዳ።

እኛ የጣርማ በር ሰዎች ላም ስታረግዝ ወተቷ እንደሚቀንስ ከልጅነታችን እናውቃለን። ቢትሰን ግን አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ማኅፀን አጠገብ ያለች ትንሽ ዕጢ ርቆ ያለውን ጡት የምታዝ ከሆነ፣ በጡት ላይ የበቀለውን ካንሰርስ አታዝምን ብሎ አሰበ። ያኔ ሆርሞን የሚለው ቃል እንኳ አልነበረም፤ ቃሉ የመጣው በ1905 ነው።

በ1895 በግላስጎው አንዲት የ33 ዓመት እናት ወደ እሱ መጣች። ካንሰሩ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሶባት ነበር፤ ዳግመኛ በቢላ የሚደረስበትም አልሆነም። በሰኔ ወር ሁለቱንም የእንቁላል ማመንጫዎች አወጣላት። በስምንት ወር ውስጥ እብጠቱ ጠፋ። በ1896 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣው። ሴትዮዋ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካንሰሩ ተመልሶባት ሞተች። ሌሎች ሐኪሞች ሲሞክሩትም የተጠቀመችው ከሦስት ሴቶች አንዷ ያህል ነበረች።

ቢትሰን በ1907 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በስኮትላንድ ቀይ መስቀልም ብዙ አገለገለ። በ1933 ሲያርፍ ለምን አንዷ እንደምትድንና ሌላዋ እንደማትድን ገና አልታወቀም ነበር። ዛሬ ታውቋል። ከአሥር የጡት ካንሰሮች ሰባት ያህሉ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበሉበት በር አላቸው፤ በዚያ በር እየተመገቡ ያድጋሉ። ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አይተዋል። በእርግዝና ጊዜ ሰውነታችን ፅንሱን እንደ ባዕድ እንዳያጠቃ ሆርሞኖች ያግዛሉ። ካንሰርም ይህንኑ ጥበብ ይጠቀምበታል። በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ እንደታየው ኢስትሮጅን የሰውነትን ተከላካይ ሴሎች የሚያግዱ ሌሎች ሴሎችን ያበዛል። ዘበኛው እያለ ሌባው ሳይታይ ያልፋል ማለት ነው።

ታሞክሲፌን የተባለው ኪኒን ያንን በር ያለ ቢላ ይዘጋል። የሚወሰደው ግን በየቀኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

አሁን ምክንያቴን ልንገራችሁ። አንዲት እህታችን ከመረዳጃ ሣጥናችን ለኪኒንና ለመኪና በየወሩ ትወስድ ነበር። ባለፈው ዓመት ፊርማዋ ከመዝገቡ ጠፋ። እኔም የሕክምና ወጪ ቀነሰ ብዬ በሪፖርቴ ላይ እንደ መልካም ነገር ጻፍኩት። ኋላ ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት፣ ደህና ስለሆነች ኪኒኑን ከተወች አራት ወር ሆኗታል። እብጠቱ ጠፋ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት እንዳልሆነ የነገራት ሰው አልነበረም። በሪፖርቴ አፈርኩ።

አብረን ወደ ሐኪሟ ሄድን፤ እንደገና ጀምራለች። ከዚህ ወር ጀምሮ በመዝገቡ ላይ የመድኃኒት ፊርማ ሲጎድል ወጪ ቀነሰ ብዬ አልጽፍም፤ ቤት ድረስ ሄጄ እጠይቃለሁ። እናንተም ጎረቤታችሁን ጠይቁልኝ።