ዴቪድ ግሩቢ፦ ቆረቆርን በማይክሮስኮፕ ያየው ሐኪም

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዴቪድ ግሩቢ በ1810 ዛሬ ሰርቢያ ውስጥ በምትገኝ፣ ያኔ ግን በሃንጋሪ ሥር በነበረች መንደር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ሕክምናን ቪየና ተምሮ ለምርምር ወደ ፓሪስ ሄደ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ቆረቆር ከሰውነት ውስጥ የሚመነጭ፣ ከደም መበላሸት ጋር የተያያዘ ሕመም ይመስላቸው ነበር። ግሩቢ በ1841 ከታማሚዎች ራስ ላይ ቅርፊት አንስቶ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በፈንገስ የተሞላ ሆኖ አገኘው። ፈንገሱን ወደ ጤነኛ ቆዳ በማስተላለፍም ሕመሙ ተላላፊ መሆኑን አሳየ። ጀርመናዊው ሐኪም ሾንላይን ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር፤ ግሩቢ ግን ይህን ሳያውቅ ነው የደረሰበት። በ1842 ደግሞ በሕፃናት አፍ ውስጥ የሚታየው ነጭ ሽፋንም በፈንገስ እንደሚመጣ ገለጸ። ይህ ፈንገስ ዛሬ ካንዲዳ ይባላል።

ለታማሚዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ ያገኘው ነው። በ1843 የፀጉርን ዘለላ ከውጭ የሚከብብ ፈንገስ፣ በ1844 ደግሞ ዘለላው ውስጥ ገብቶ የሚራባ ሌላ ዓይነት ለይቶ ጻፈ። በኢትዮጵያ በብዛት ቆረቆር የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየምም ፀጉር ውስጥ ከሚገቡት ነው። የሚቀባ መድኃኒት እዚያ ድረስ ዘልቆ አይገባም። ስለዚህ ሐኪም ለልጅዎ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ቢያዝ፣ ቅባቱ ይበቃል ብሎ መተው ወይም ቅርፊቱ ስለረገፈ ብቻ ማቋረጥ ሕመሙ እንዲመለስ ያደርጋል። ማበጠሪያና ኮፍያ መዋዋስም ፈንገሱን ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምታል።

የፓሪስ የቆዳ ሐኪሞች ግን የግሩቢን ሥራ አልተቀበሉትም፤ አንዳንዶቹ ፈንገሱ ጭራሹን የለም እስከ ማለት ደረሱ። በዚህ መካከል ስንት ሕፃናት በተሳሳተ ሕክምና እንደተሠቃዩ መገመት አያቅትም። እሱም ከጊዜ በኋላ ምርምሩን ትቶ በግል ሕክምና ተጠመደ፤ ሙዚቀኛው ሾፓንና ገጣሚው ሃይነ ከታካሚዎቹ መካከል ነበሩ።

ሃምሳ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በ1890ዎቹ ፈረንሳዊው ሐኪም ሳቡሮ ጉዳዩን እንደ አዲስ መርምሮ ግሩቢ ትክክል እንደነበረ አረጋገጠ። ግሩቢ ያኔ በሕይወት ነበር። በ1898 በ88 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ።