ጆን ፖስቴል፦ አገርን ከአገር ለመለየት ያልፈቀዱት የኢንተርኔት መዝጋቢ

በሐርጌሳ የሚኖር ሰው በአንድ መተግበሪያ ላይ ሲመዘገብ፣ አገሩን ከተደረደሩት ስሞች መካከል እንዲመርጥ ይጠየቃል። ሶማሊያን ያገኛል፤ ሶማሊላንድን ግን እምብዛም አያገኝም። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ባለሙያ ስለዚህ ቢጠየቅ፣ ስሞቹን ከሌላ መዝገብ እንደወሰደና ይህ አገር ነው፣ ያ አይደለም የማለት ሥልጣን እንደሌለው መመለሱ አይቀርም። ይህን መልስ ለኢንተርኔት ደንብ አድርገው ያኖሩት አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ጆን ፖስቴል ናቸው።

ፖስቴል እ.አ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ ተወለዱ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ በ1969 የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው አርፓኔት ተዘረጋ። የትኛው ቁጥር ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ መዝግቦ የመያዙ ሥራም በእርሳቸው እጅ ወደቀ። አሰልቺ የጸሐፊነት ሥራ ይመስል ነበር። ጺማቸውን ያሳደጉት፣ ሰንደል ጫማ የሚያዘወትሩት ፖስቴል ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉትም።

አውታሩ ከአሜሪካ ውጭ እየሰፋ ሲሄድ ከባዱ ጥያቄ መጣ። ለየአገሩ መለያ ይሰጥ ከተባለ፣ አገር የሚባለው የትኛው ነው? ፖስቴል ከባልደረባቸው ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር በ1984 ባወጡት ሰነድ ጥያቄውን ራሳቸው ከመመለስ ይልቅ ወደ ሌላ አሻገሩት። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1974 ያወጣውን፣ የአገር ስሞቹን ከተባበሩት መንግሥታት የሚወስደውን ባለ ሁለት ፊደል የኮድ ዝርዝር መረጡ። በ1994 ደግሞ አገር የሆነውንና ያልሆነውን መወሰን የእርሳቸው ቢሮ ሥራ እንዳልሆነ በማያሻማ ቃል ጻፉ።

ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ገለልተኛ ነበር ማለት ግን ይከብዳል። በ1993 ነፃነቷን አውጃ የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነችው ኤርትራ የራሷን ኮድና የኢንተርኔት መለያ አገኘች። በ1991 ከሶማሊያ መለየቷን ያወጀችው ሶማሊላንድ በዝርዝሩ የለችም። ምዕራብ ሳህራ ኮድ አላት፤ ይገባናል የሚሉ ሁለት ወገኖች በመኖራቸው ግን የኢንተርኔት መለያዋ ለማንም አልተሰጠም። ታይዋን ሁለቱም አሏት፤ ነገር ግን ዝርዝሩ የቻይና ግዛት ብሎ ይጠራታል። ስሙን እንዳለ የገለበጠ ሶፍትዌር ታይፔን ያስቆጣል፤ ያሳጠረው ቤጂንግን። ደንቡ ራሱም ከመነሻው ሙሉ አልነበረም፤ የብሪታንያ ኮድ ጂ ቢ ሆኖ ሳለ አገሪቱ በኢንተርኔት የምትጠራው ዩ ኬ ተብላ ነው።

ራሳቸውን ተራ መዝጋቢ ያደረጉት ፖስቴል፣ በጥር 1998 ምን ያህል ሥልጣን በእጃቸው እንዳለ አሳዩ። የኢንተርኔት ስሞች ዋና መዝገብ ከሚገኝባቸው ሰርቨሮች መካከል የስምንቱን ኃላፊዎች፣ መዝገቡን ከመንግሥት ተቋራጩ ሳይሆን ከእርሳቸው ኮምፒውተር እንዲወስዱ በኢሜይል ጠየቁ። ኃላፊዎቹም እሺ አሉ። ዋሽንግተን ተቆጣች፤ ፖስቴልም ሙከራ እንደነበር ገልጸው ሁሉን ወደነበረበት መለሱ። አገርን ለመሰየም አልደፍርም ያሉት ሰው፣ ከኃያሉ መንግሥት ጋር በመዝገቡ ባለቤትነት ለመፋጠጥ አልፈሩም።

በዚያው ዓመት መዝገቡን የሚረከበው አይካን የተሰኘ ድርጅት ተቋቋመ። ፖስቴል ግን ሥራውን ሲጀምር አላዩም፤ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በተፈጠረ ችግር ጥቅምት 16 ቀን 1998 በ55 ዓመታቸው አረፉ። በቀጣዩ ዓመት የፍልስጤም ግዛት በኮድ ዝርዝሩ ገባ፤ በመጋቢት 2000ም አይካን የሟቹን ደንብ ጠቅሶ ለፍልስጤማውያን የኢንተርኔት መለያቸውን ሰጠ።