አስቴር ጋኖ፦ ከባርነት ወደ መምህርነት

እናታችን አስቴር ጋኖ በባርነት ተይዘው ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ ሲወሰዱ፣ በ1886 (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያኖች ባሕር ላይ አስጥለው ነፃ አወጧቸው። ምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ፣ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። እዚያ የተማሩት እምነት ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጠረ ይላል፤ እንዲህ ከሆነ ለሰው የሽያጭ ዋጋ አይወጣለትም።

የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰቡ። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ደከሙ። በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ አስተማሩ። በ1964 አረፉ።

መጽሐፍ ቅዱሱ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ኦነሲሞስ ብቻ ነው። በእኛ በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ ያልተመዘገበ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እህቶቼ፣ የሴቶችን ሥራ ከነስማቸው እንመዝግብ።