አይዛክ ኒውተን፦ ለባዶ ክፍል ያስተማረው ሊቅ

በዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን የታላቁን ሳይንቲስት የአይዛክ ኒውተንን የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ከመካከላችን ስሙን ያልሰማ የለም፤ ሦስቱን የእንቅስቃሴ ሕጎቹንም ያልሸመደደ አይገኝም። እንዴት እንደተማረና እንዴት እንዳስተማረ ግን ብዙ አይነገርም። ለእኛ ለእጩ መምህራን ይበልጥ የሚጠቅመን ደግሞ ይኸኛው ነው።

ኒውተን የተወለደው በእንግሊዝ አገር ዉልስቶርፕ በምትባል የገጠር መንደር፣ በ1642 እ.ኤ.አ.፣ በአገሩ የዚያን ጊዜ አቆጣጠር በገና ዕለት ነው። ያኔ በእኛ አገር አፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው ነበር። አባቱ ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል ገበሬ ሲሆን ልጁ ከመወለዱ 3 ወር በፊት ሞተ። ሕፃኑ 3 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሌላ ባል አግብታ ስለሄደች አያቱ ዘንድ አደገ።

ዕድሜው ወደ 17 ሲጠጋ እናቱ ከትምህርት ቤት አስወጥታ እርሻ ላይ አዋለችው። ታዲያ ልጁ ለእርሻ ሥራ አልሆነም። በግ ጠብቅ ሲሉት መጽሐፉን ይዞ አጥር ሥር ይቀመጣል፤ በጎቹም የሰው ማሳ ይገባሉ። በመጨረሻ አጎቱና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እናቱን ለምነው ወደ ትምህርቱ መለሱት። በጨርጨር ገጠርም በሥራ ወቅት ከክፍል የሚቀር ልጅ ስላለ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያ መምህር አያገባኝም ብሎ ዝም ቢል ኖሮ ዓለም ምን ያህል በጎደለባት ነበር!

በ1661 እ.ኤ.አ. ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ወጪውን ለመቀነስም ሀብታም ተማሪዎችን ያገለግል ነበር። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው በአብዛኛው የጥንቱን የግሪክ ፈላስፋ የአርስጣጣሊስን ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት አንድ ዕቃ መንቀሳቀሱን የሚቀጥለው የሚገፋው ነገር እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ኒውተን በዚህ አልረካም። የጋሊሊዮንና የዴካርትን አዳዲስ ሐሳቦች በራሱ ጊዜ አጠና። በ1664 እ.ኤ.አ. ገደማ በአንድ ደብተር ላይ ጥያቄዎችን በየርዕሳቸው መመዝገብ ጀመረ። እንግዲህ መካኒክስን የተማረው መልስ በመሸምደድ ሳይሆን ጥያቄ በመሰብሰብ ነው ማለት ነው።

በ1665 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ከዛፍ የወደቀች ፖም አይቶ፣ ይህችን ፍሬ የሚስባት ኃይል እስከ ጨረቃ ይደርስ ይሆን ወይ ብሎ ያሰበው በዚያ ጊዜ እንደሆነ በእርጅናው ተናግሯል። ፍሬዋ አናቱን መታችው የሚባለው ግን በኋላ የተጨመረ ነው። ነገሩም በአንድ ቀን አልተፈታም፤ ከዚያ ሐሳብ እስከ መጽሐፉ 20 ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በ1669 እ.ኤ.አ.፣ በ26 ዓመቱ፣ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ትምህርቱን የሚከታተለው ተማሪ ጥቂት ነበር፤ የሚሰሙትም እምብዛም አይገባቸውም። አንዳንድ ቀን ጭራሽ የሚመጣ ስለማይኖር ለግድግዳ እያነበበ ፈጥኖ ይመለስ እንደነበር ረዳቱ መስክሯል።

በ1684 እ.ኤ.አ. ኤድመንድ ሃሌ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ስለ ፕላኔቶች ምሕዋር ሊጠይቀው መጣ። ኒውተን አስቀድሞ አስልቶት ኖሯል፤ ወረቀቱን ግን ፈልጎ አጣው። በሃሌ ጉትጎታ እንደገና ሥራውን ጀመረና በ1687 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ፍልስፍና ሒሳባዊ መሠረቶች የተሰኘው መጽሐፍ በላቲን ታተመ። የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ገንዘቡን ስለ ዓሣ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ጨርሶ ስለነበር የማሳተሚያውን ወጪ የሸፈነው ሃሌ ነው።

ሦስቱ ሕጎች በዚህ መጽሐፍ ይገኛሉ። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል የሚወርድ አይሱዙ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ከኋላ የተጫነው ጆንያ ወደፊት ይንሸራተታል። ማንም አልገፋውም፤ የነበረውን እንቅስቃሴ ቀጠለ እንጂ። ይህ አንደኛው ሕግ ነው። ባዶ ጋሪና እህል የጫነ ጋሪ በእኩል ጉልበት ቢገፉ ባዶው ቶሎ ይፈጥናል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ከጋሪ ወደፊት የሚዘል ልጅ ጋሪውን ወደኋላ ይገፋዋል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። በጣም ለፈጠነና በጣም ለረቀቀ ነገር የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፊዚክስ ሌላ ሕግ አምጥቷል። ለመኪና፣ ለድልድይና ለሳተላይት ግን የኒውተን ሕጎች ዛሬም ይሠራሉ።

ኒውተን መጽሐፉን ሒሳብ የማያውቅ እንዳይነዘንዘው ሆን ብሎ አክብዶ ነበር የጻፈው። ታዲያ ለተማሪ ማን አደረሰው? ኦይለር በ1736 እ.ኤ.አ. መካኒክስን በካልኩለስ መንገድ አሰናድቶ አሳተመ። ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ የኒውተንን መጽሐፍ ተርጉማ ማብራሪያ ጨመረችበት። በ1749 እ.ኤ.አ. በወለደች በጥቂት ቀን ስላረፈች፣ ሙሉ ሥራዋ የወጣው በ1759 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ክላሲካል መካኒክስ በእነዚህና በመሰሎቻቸው እጅ ያለፈ ነው።

ኒውተን በኋላ ወደ ለንደን ሄዶ የመንግሥት የገንዘብ ማምረቻ ኃላፊ፣ ከ1703 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የሳይንስ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቷል። በ1727 እ.ኤ.አ.፣ በ84 ዓመቱ፣ ሚስትም ልጅም ሳይኖረው አረፈ።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማሳወቅ ሌላ ሙያ ነው። ነገ ከእኛ ክፍል የሚወጣው ልጅ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ይግባ አዲስ አበባ፣ ቀመር ብቻ ሸምድዶ ከሄደ መካኒክስ ገደል ይሆንበታል። የጆንያውንና የጋሪውን ነገር አስቀድሞ ጠይቆ ከሄደ ግን መሠረት አለው። ያንን መሠረት የሚጥለው የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ እርሱም እኛ ነን።